በወረርሽኝ ጊዜ እስረኛ መልቀቅ፦ የኒው ጀርሲው «122 ቀን» እንዴት ይሰላል? የገዥው ትእዛዝስ ለምን ጥቂት ሰው ብቻ አወጣ?

ጠያቂ፦ መዝገቡ

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። በተላላፊ በሽታ ጊዜ የእስረኛን ቁጥር ስለ መቀነስ የመወያያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የያዝኩት በ2020 እና በ2021 የአሜሪካ ስቴቶች በኮቪድ ምክንያት የወሰዱትን እርምጃ ነው። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ከሰነዶቹ ጋር ለማመሳከር ይቀለኛል። የፌዴራሉን መንግሥት ትቼዋለሁ፤ አብዛኛው የአሜሪካ እስረኛ በስቴቶችና በካውንቲዎች እጅ ነውና።

ያልጠራልኝ ነገር ይህ ነው። የኒው ጀርሲ ገዥ ፊል መርፊ በኤፕሪል 2020 እስረኞች ወደ ቤት እንዲወጡ ትእዛዝ ሰጡ፤ የወጣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ያው ስቴት ኖቬምበር 4 በአንድ ቀን ከ2,200 በላይ ሰው ለቀቀ። በመካከሉ ምን ተለወጠ? ሕጉ ላይ ያለው «122 ቀን» ምንድን ነው፣ እንዴትስ ይሰላል? የካሊፎርኒያው የዜሮ ዶላር ዋስ ከዚህ ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ መንገድ? ዜጋ ያልሆኑ እስረኞችስ፣ የእኛ ልጆች ጭምር፣ በእነዚህ ሕጎች ምን ዕጣ ገጠማቸው? ቁጥርና አሠራር የምታውቁ ብትረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።


መልስ፦ ሚዛን

የኤፕሪሉና የኖቬምበሩ ልዩነት አንድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ስንት እጅ መፈረም ነበረበት የሚለው ነው። ኒው ጀርሲ በዚያ ዓመት ሦስት መንገድ ሞክራለች፤ ጎን ለጎን ቢያዩዋቸው ነገሩ ራሱ ይናገራል።

የመጀመሪያው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ማርች 22 2020 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ስቱዋርት ራብነር በተከራካሪዎቹ ስምምነት ላይ የተመሠረተ ትእዛዝ ፈረሙ። በአንድ ወገን የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ቢሮና የኒው ጀርሲ ኤሲኤልዩ (የዜጎች መብት ተሟጋች ድርጅት)፣ በሌላው ወገን የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግና የካውንቲ ዐቃብያነ ሕግ ነበሩ። ትእዛዙ የሚመለከተው ተፈርዶባቸው በካውንቲ እስር ቤት ያሉትን ብቻ ነው፤ ማለትም ቅጣታቸው ከ364 ቀን የማይበልጠውን። እስከ 1,000 ሰው ሊለቀቅ እንደሚችል ተገመተ። ዋናው ብልሃት የማስረዳት ሸክሙን ማገላበጡ ነው። እስረኛው «ልቀቁኝ» ብሎ ማመልከት አላስፈለገውም፤ ዝርዝሩ ይወጣል፣ ዐቃቤ ሕግ የሚቃወመው ሰው ካለ ስሙን ለይቶ በተቆረጠው ሰዓት ያቀርባል፣ ያልተቃወመው ይወጣል። የገደብ ቅጣታቸውን ጥሰው የገቡትና በከተማ ፍርድ ቤት የተፈረደባቸው እስከ ማርች 24 ጧት 12 ሰዓት፣ የቀሩት ደግሞ ማርች 26 እኩለ ቀን እንዲወጡ ነው የታዘዘው። ተቃውሞ የቀረበባቸውን ዳኞችና ለዚሁ የተሠየሙ ልዩ አጣሪዎች በየተራ ሰሙ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ቅጣቱ አልተሠረዘም፣ ታገደ እንጂ። ቀሪው ጊዜ ይፈጸም ወይስ ይቅር የሚለው ድንገተኛው ሁኔታ ሲያበቃ በዳኛ እንዲወሰን ተተወ።

ሁለተኛው እርስዎ የጠቀሱት የገዥው ትእዛዝ ነው፤ ቁጥር 124፣ ኤፕሪል 10 2020። ይህ የሚመለከተው ከአንድ ዓመት በላይ የተፈረደባቸው የሚታሰሩበትን የስቴቱን ማረሚያ ቤት ነው። አራት ምድብ አለው፦ ዕድሜያቸው 60 የሞላ፣ በኮቪድ የሚብስባቸው ሕመም ያለባቸው፣ ቅጣታቸው ሊያልቅ 3 ወር የቀራቸው፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አመክሮ ጠይቀው የተከለከሉ። ከባድ ወንጀል የፈጸመ አይገባም። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ችግሩ ከዝርዝሩ በኋላ ይጀምራል። የማረሚያ መምሪያው ኮሚሽነር ስሞቹን ያወጣሉ፤ ለአመክሮ የደረሰው ጉዳይ ወደ አመክሮ ቦርድ ይሄዳል፤ የቀረው ለዚሁ ወደተቋቋመ ገምጋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ዐቃቤ ሕግና ተጎጂዎች አስተያየት እንዲሰጡ ይነገራቸዋል፤ የሚያርፍበት ቤት ይጣራል፤ ሕክምናውን ማን እንደሚከታተል ይጻፋል፤ ከዚያ ኮሚሽነሩ ተመልሰው ይወስናሉ። እያንዳንዱ እርከን ብቻውን ሲታይ ምክንያት አለው። ሰንሰለቱ ግን በአንድ ሰው ላይ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዱ ወረቀት ሲዘገይ ሁሉም ይቆማል። የሚወጣውም በጊዜያዊ የቤት ውስጥ ቆይታ ስለሆነ ሲያበቃ ይመለሳል፤ ስለዚህ ገምጋሚው «ይህ ሰው ቢያጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብሎ ይፈራል። በዚህ በር የወጣው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በዚያው ጊዜ የኒው ጀርሲ ማረሚያ ቤቶች በኮቪድ ሞት መጠን ከአገሪቱ ስቴቶች ሁሉ የባሱት ነበሩ፤ ወደ 50 የሚጠጋ እስረኛ አልቋል። ይህን ቁጥር በጽሑፍዎ መግቢያ ላይ እንዲያስቀምጡት እመክራለሁ፤ የወረቀቱ መዘግየት ዋጋው በሰው ሕይወት የተከፈለ ነውና።

ሦስተኛው ኦክቶበር 19 2020 የተፈረመው ሕግ ነው፤ የ2020 ሕግ ምዕራፍ 111። በዚህኛው ኮሚቴ የለም፣ ቀመር አለ። ቅጣቱ ሊያልቅ ከ365 ቀን በታች የቀረውና ከተከለከሉት ወንጀሎች ውጪ የሆነ ሁሉ ቀኑ ይቀነስለታል፤ የደረሰ ይወጣል። የተከለከሉት ጥቂት ናቸው፦ ግድያ፣ ከባድ የወሲብ ጥቃት፣ እንዲሁም በሕጉ «ተደጋጋሚና ግፊታዊ» ተብለው የተለዩ የወሲብ ወንጀለኞች። ሕጉ የወጣው ሰው ከተጎጂው ጋር እንዳይገናኝም ይከለክላል። ዐቃቤ ሕግ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ድምፅ የለውም። በ16 ቀን ውስጥ ከ2,200 በላይ ሰው ማውጣት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።


መልስ፦ ቀመር

ሚዛን አሠራሩን አስቀምጧል፤ እኔ ስሌቱን ልጨምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና።

122 ቀን ማለት በግምት አራት ወር ነው። እስረኛው ድንገተኛ ሁኔታው በታወጀበት ጊዜ በማረሚያ ቤት ላሳለፈው ለእያንዳንዱ ወር፣ ወይም ለወሩ ክፋይ፣ 122 ቀን ቅናሽ (ክሬዲት) ይታሰብለታል። ጣሪያው 244 ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ወር ከአንድ ቀን ያሳለፈ እንኳ ጣሪያውን ይነካል፤ «ክፋይ» የሚለው ቃል ሁለተኛውን ወር ያስቆጥርለታልና። ኒው ጀርሲ ድንገተኛ ሁኔታውን ያወጀችው ማርች 9 2020 ስለሆነ፣ ሕጉ ሥራ ሲጀምር ከጁን 2020 በፊት የገባ እስረኛ ሁሉ ሙሉውን 244 ቀን ይዞ ነው የጠበቀው። «ስምንት ወር ስለታሰርኩ ስምንት ጊዜ 122 ይገባኛል» የሚለው ስሌት ስሕተት ነው።

ምሳሌ፦ ቅጣቱ ጁን 30 2021 የሚያልቅ ሰው 244 ቀን ሲቀነስለት ኦክቶበር 29 2020 ላይ ይደርሳል። ቀኑ አልፏል፣ ስለዚህ ኖቬምበር 4 ይወጣል። ኦክቶበር 1 2021 የሚያልቅበት ሰው ግን ጃንዋሪ 30 2021 ነው የሚደርሰው፤ የሚወጣው በዚያን ቀን ነው።

ከዚህ ስሌት የኖቬምበር 4 ግርግር ምክንያት ይገኛል። ከኖቬምበር 4 ወደ ፊት 244 ቀን ቢቆጥሩ ጁላይ 6 2021 ይመጣል። ስለዚህ ቅጣታቸው እስከ ጁላይ 6 2021 የሚያልቅ ሙሉ ክሬዲት ያላቸው ሁሉ፣ የስምንት ወር ተፈቺ ማለት ነው፣ በአንድ ጧት በሩ ላይ ተሰለፉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀስ በቀስ በየቀናቸው ወጡ። ሕግ አርቃቂው ክሬዲቱን ለሁሉም በአንድ ቀን ከመጀመር ይልቅ በሦስት ወይም በአራት ዙር ቢከፍለው ኖሮ፣ መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ ተፈቺ የሆኑትን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እስከ ኤፕሪል የሆኑትን እያለ፣ የጠቅላላው ቁጥር ሳይቀንስ ጫናው በቀለለ። በእኔ እይታ የዚህ ሕግ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ተፈቺዎቹ መታወቂያ፣ መድኃኒትና ማረፊያ ሳይይዙ በባዶ እጅ ከመውጣታቸው ጋር የተያያዙት ሌሎች ችግሮች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።


መልስ፦ ሐተታ

የካሊፎርኒያው ሌላ መንገድ ነው። ኒው ጀርሲ የሠራችው የኋላ በሩ ላይ ነው፤ ተፈርዶበት የገባው እንዲወጣ። ዜሮ ዋስ የፊት በር ነው፤ ተይዞ ያልተፈረደበት መጀመሪያውኑ እንዳይገባ።

ኤፕሪል 6 2020 የካሊፎርኒያ የዳኝነት ጉባኤ ድንገተኛ ደንብ ቁጥር 4ን አወጣ። ቀላል ወንጀሎችና ከከባዶቹም ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ሁሉ የዋስትና ገንዘባቸው 0 ዶላር ሆነ። 13 ልዩ ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል፤ ከነዚህ ውስጥ በሕግ «ከባድ» ወይም «የኃይል» ተብለው የተለዩ ወንጀሎች፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ የእግድ ትእዛዝ መጣስ፣ ጠጥቶ ማሽከርከር ይገኙበታል። ካውንቲዎች እስከ ኤፕሪል 13 ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ተግባራዊ እንዲያደርጉ ተነገራቸው። ደንቡ ተይዘው ለነበሩትም ይሠራ ነበር። የዳኛው ሥልጣን ግን አልተነሣም፤ በአንድ ሰው ላይ የተለየ አደጋ ካየ ዋሱን ከፍ ማድረግ ወይም መከልከል ይችላል ብለው ፍርድ ቤቶች ተርጉመውታል። ጁን 20 ላይ ስቴት አቀፉ ደንብ ተነሣ፣ ካውንቲዎች ከፈለጉ እንዲቀጥሉበት ተተወላቸው፤ ሎስ አንጀለስ ቀጠለች። የሎስ አንጀለስ እስር ቤቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ17 ሺህ ገደማ ወደ 12 ሺህ ገደማ ወርደዋል።

ኒው ጀርሲ ለምን ይህን አላደረገችም ብለው ከጠየቁ መልሱ አስቀድማ ስላደረገችው ነው። ከጃንዋሪ 1 2017 ጀምሮ የገንዘብ ዋስትናን ከሞላ ጎደል አስቀርታለች፤ ያልተፈረደባቸው እስረኞቿ በ2015 እና በ2018 መካከል ከ40 በመቶ በላይ ቀንሰዋል። ኮቪድ ሲመጣ የፊት በሩ ላይ የቀረው ለመልቀቅ የሚከብደው ሰው ነበር። ያም ሆኖ አንድ ያልታሰበ ነገር ገጠማት። የ2017ቱ ሕግ የታሰረ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ክሱ በግራንድ ጁሪ (ሰውየው ይከሰስ አይከሰስ በሚወስን የዜጎች ጉባኤ) እንዲጸድቅ፣ ከዚያ በኋላም በ180 ቀን ውስጥ ችሎት እንዲቀርብ ያዛል። ፍርድ ቤቶች ሲዘጉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተከታታይ ትእዛዞች ሰዓቱን አቆመው። ቅድመ ፍርድ እስረኛውን የሚጠብቀው ሰዓት በቆመበት ጊዜ እስረኛው ቆየ፣ ቁጥሩም እንደገና አሻቀበ። የጊዜ ገደብ ላይ የተመሠረተ ማሻሻያ የሚጽፍ ሰው «ሰዓቱ በድንገተኛ ሁኔታ ሲቆም የእስረኛው ጉዳይ በየስንት ቀኑ በዳኛ እንደገና ይታያል?» የሚለውን አብሮ መጻፍ አለበት።

ካሊፎርኒያ የኋላ በርም ሞክራለች፤ እዚያ የተማርነው ግን መራራ ነው። ማርች 31 2020 ለመፈታት 60 ቀን የቀራቸው 3,500 ሰዎች፣ ጁላይ 10 ደግሞ በአብዛኛው 180 ቀን የቀራቸው እስከ 8,000 እንደሚለቀቁ ተነገረ። በሁለቱ መካከል የሳን ኩዌንቲን ማረሚያ ቤት መዓት ደረሰ። ሜይ 30 ከቺኖ ማረሚያ ቤት 122 ሰዎች በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ሳን ኩዌንቲን ተዛወሩ። ሐሳቡ ወረርሽኝ ካለበት ግቢ ተጋላጮቹን ማሸሽ ነበር። የብዙዎቹ የኮቪድ ምርመራ ግን ሳምንታት ያለፉት ነበር፤ ወደ አንድ ወር የሚጠጋውም ነበረበት። ሳን ኩዌንቲን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም የታመመ እስረኛ አልነበራትም። ክፍሎቿ ሙሉ በር የላቸውም፣ ብረት አጥር ናቸው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርበው አንድ አየር ይተነፍሳሉ። ውጤቱ ከ2,200 በላይ ሕሙማን፣ 28 የሞቱ እስረኞችና 1 የሞተ ሠራተኛ ነው። ጁን አጋማሽ ላይ ግቢውን ያዩ የዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እስረኛው በግማሽ ይቀነስ ብለው በጽሑፍ አስጠንቅቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ለጽሑፍዎ ይጠቅማል። ኦክቶበር 20 2020 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ቮን ስታይች የተባለ የሳን ኩዌንቲን እስረኛ ባቀረበው ጉዳይ ግማሹን አውጡ ብሎ ፈረደ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር ላይ መዝገቡን ማስረጃ እንዲሰማበት መልሶ ላከው። ሳን ኩዌንቲን ያለበት የማሪን ካውንቲ ዳኛ በ2021 ሰምተው ሕገ መንግሥታዊ ጥሰት መኖሩን አረጋገጡ፤ ነገር ግን ክትባት ስለ መጣ የሚሰጥ ትእዛዝ የለም አሉ። ተከሳሹ ወገን የሚያውቀውን አደጋ ሆን ብሎ ችላ ማለቱን ማስረዳት ግድ የሚልበት ክስ ከወረርሽኝ ፍጥነት ጋር አይሄድም። እውነት ቢገኝም ዘግይቶ ይገኛል።

አንድ ተጨማሪ ጉድለት፦ ስቴቱ ከማርች 24 2020 ጀምሮ አዲስ እስረኛ ከካውንቲ አልቀበልም ብሎ ነበር። የማረሚያ ቤቱ ቁጥር በወረቀት ላይ ቀነሰ፤ የተፈረደባቸው ሰዎች ግን በሺዎች በካውንቲ እስር ቤት ተከማቹ። የትኛውንም ስቴት ቁጥር ሲያወዳድሩ የማረሚያ ቤቱንና የካውንቲውን አንድ ላይ ይደምሩ፤ አለዚያ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የተዛወረውን እንደ ተለቀቀ ይቆጥሩታል።


መዝገቡ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የካውንቲውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፣ ሠንጠረዤን እንደገና እሠራዋለሁ። ስለ ዜጋ ያልሆኑት የሚያውቅ ካለ ግን አሁንም እጠይቃለሁ፤ ስለ ቨርጂኒያም ብትጨምሩልኝ፣ ብዙ ወገን ያለበት ስቴት ነውና።


መልስ፦ የአሌክሳንድሪያው

ቨርጂኒያን ለመረዳት ከ1995 መጀመር ነው። ከጃንዋሪ 1 1995 ወዲህ ከባድ ወንጀል የፈጸመ ሰው አመክሮ የለውም፤ ቢያንስ 85 በመቶውን ይጨርሳል። በየ30 ቀኑ በመልካም ጠባይ የሚያገኘው ቅናሽ ቢበዛ 4.5 ቀን ነበር። ስለዚህ ኮቪድ ሲመጣ ስቴቱ የሚከፍተው የኋላ በር አልነበረውም፤ አዲስ መቅደድ ነበረበት።

ኤፕሪል 22 2020 የስቴቱ ምክር ቤት የገዥ ራልፍ ኖርታምን የበጀት ማሻሻያ አጸደቀ። የማረሚያ መምሪያው ዳይሬክተር ከአንድ ዓመት በታች የቀረውን እስረኛ እንዲለቅ እስከ ጁላይ 1 2021 ሥልጣን ተሰጠው። በበጀት ሕግ ውስጥ መግባቱን አይናቁት። ወንጀለኛ መቅጫው አልተነካም፤ በመሆኑም ጊዜው ሲያልፍ ሥልጣኑ በራሱ ጠፋ። የደረጃ 1 ከባድ ወንጀልና የወሲብ ጥቃት ተከልክሏል። ከዚያ በላይ መምሪያው የራሱን መመዘኛ ጨመረ፦ የጸደቀ የማረፊያ ቤት ዕቅድ፣ የጠባይ ደረጃ 1 ወይም 2፣ እንደገና የማጥፋት ስጋቱ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ፣ እና ምንም ዓይነት የሌላ አካል የመያዣ ጥያቄ የሌለበት።

የዜጋ ያልሆኑት ጉዳይ ያለው በዚህ የመጨረሻ መስፈርት ውስጥ ነው። የመያዣ ጥያቄ፣ በተለምዶ ዲቴይነር የምንለው፣ ኢሚግሬሽን «ይህን ሰው ስትለቁት አሳውቁኝ፣ እስክመጣ አቆዩልኝ» ብሎ ለማረሚያ ቤቱ የሚልከው ወረቀት ነው። የዳኛ ትእዛዝ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ቅጽ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ወረቀት በፋይሉ ያለ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያሟላም ከዝርዝሩ ወጣ። ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ ወንጀሉ ለአገር መባረር የሚዳርግ ከሆነ። በኒው ጀርሲ ቀመሩ ዜግነት አይጠይቅም፤ ዲቴይነር ያለበትም ቀኑ ይቀነስለታል። ነገር ግን ኖቬምበር 4 በር ላይ በኢሚግሬሽን የተወሰዱ ነበሩ። ቀኑ ቀደመላቸው፣ የሄዱት ግን ሌላ እስር ቤት ነው፤ ያውም የኢሚግሬሽን ማቆያዎች ራሳቸው በኮቪድ በተያዙበት ወቅት።

ስለዚህ ቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሕጉ ከመጽደቁ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። መጀመሪያ በእስረኛው ፋይል ዲቴይነር መኖር አለመኖሩን የማረሚያ ቤቱን የመዝገብ ክፍል በጽሑፍ መጠየቅ፤ ብዙ ሰው መኖሩን የሚያውቀው በመውጫው ቀን ነው። ካለ፣ የወንጀል ጠበቃውን ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃ መያዝ፤ ሁለቱ ሙያቸው ለየቅል ነው። ጠበቃው ፍርዱ ያለበትን አንቀጽ አይቶ መባረርን ያስከትል እንደሆነ፣ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የዋስ ጥያቄ ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ይነግራል። የፍርዱን ግልባጭና የቅጣት ስሌት ወረቀቱን ቤተሰብ ቀድሞ ቢያወጣ ይሻላል፤ ከተዛወረ በኋላ ወረቀት ማሳደድ ከባድ ነው። በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት መሆኑም አይዘንጋ።

ቨርጂኒያ ጊዜያዊውን በር ብትዘጋም በዚያው 2020 ልዩ ጉባኤ ላይ ቋሚ ሕግ አወጣች። ከጁላይ 1 2022 ጀምሮ በየ30 ቀኑ እስከ 15 ቀን ቅናሽ ይገኛል፤ ለደረጃ 1 ጠባይ 15፣ ለደረጃ 2 7.5፣ ለደረጃ 3 3.5፣ ለደረጃ 4 ምንም። የኃይል ወንጀሎች በአሮጌው 4.5 ቀሩ። ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን፣ ጁን 2022፣ አዲሱ የበጀት ሕግ ድብልቅ ቅጣት ያላቸውን፣ አንዱ ክሳቸው የሚፈቀድ ሌላው የማይፈቀድ የሆኑትን፣ አስወጣቸው። የመውጫ ቀናቸው የተነገራቸው፣ ቤተሰባቸው አልጋ ያነጠፈላቸው ሰዎች ቀሩ። በሕግ የመጣው በበጀት ሄደ። የሚጽፉት ምክር ካለ ይህን ይጨምሩበት፦ ክሬዲቱ ለአንድ ሰው ከተሰላ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይነጠቅ ሕጉ ራሱ ይዝጋው።

ከደቡቡ አንድ ምሳሌ ልጨምር፦ ሰሜን ካሮላይና በፌብሩዋሪ 2021 በፍርድ ቤት ስምምነት በ180 ቀን ውስጥ 3,500 ሰው እንድትለቅ ተስማምታለች። ቁጥሩና የጊዜ ገደቡ ስምምነቱ ላይ መጻፉ ነው የጠቀመው።


መልስ፦ ችሎት

ከኢትዮጵያ ጋር ማነጻጸር ከፈለጉ፣ ይዞታው ይለያያልና ቃላቱን አይቀላቅሉ። በመጋቢት 2012 ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ በኮቪድ ምክንያት ለ4,011 እስረኞች ይቅርታ ማድረጋቸው ተገልጿል፤ በአነስተኛ ወንጀል እስከ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸውና ለመፈታት የተቃረቡ ናቸው። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71(7) እና በይቅርታ አሰጣጥ አዋጅ ቁጥር 840/2006 የተመራ ይቅርታ ነው። ምሕረት አይደለም፤ አመክሮም አይደለም። አመክሮ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ለፈጸመ በፍርድ ቤት የሚሰጥ ነው። የኒው ጀርሲው ክሬዲት ከሦስቱ አንዱንም በትክክል አይመስልም፤ ቅርቡን ከፈለጉ ሕግ አውጪው ቁጥሩን ያስቀመጠለት የቅጣት ቅናሽ ነው።

ይቅርታው ፈጣን ነበር፣ አንድ ፊርማ ብዙ ሰው አወጣ፤ የሚዛንን ነጥብ ይደግፋል። የማይደርስበት ቦታ ግን ሁለት ነው። ይቅርታ የመጨረሻ ፍርድ ለተሰጠበት ሰው ነው፤ በጊዜ ቀጠሮ ያለ፣ ወይም ክሱ እየተሰማ ያለ ሰው አይገባበትም። በዚያው ወር ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘግተው አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ይሰሙ ነበር። ጊዜ ቀጠሮ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 ለአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ መደበኛ ክርክሩ ግን ሲራዘም ዋስትና የተከለከለ ተከሳሽ ባለበት ይቆያል። ሁለተኛው፣ ክልሎች የየራሳቸው የይቅርታ ሥርዓት ስላላቸው የፌዴራሉ ቁጥር የአገሩ ሁሉ ቁጥር አይደለም። ከካሊፎርኒያ ዜሮ ዋስ ጋር የሚነጻጸር ለቅድመ ፍርድ እስረኛ የሚሠራ መሣሪያ በእኛ በኩል አልነበረም፤ ጽሑፍዎ ይህን ክፍተት ቢያሳይ ጥሩ ነው። በተለይ የቤተሰብ ጥየቃ ሲቋረጥ ስንቅም ስለሚቋረጥ፣ በእኛ እስር ቤት የቀረ ሰው የሚጎዳው በበሽታው ብቻ አይደለም።


መልስ፦ ሚዛን

ቀመር ስለ ባዶ እጅ ያነሣውን ልጨርስ። ኖቬምበር 4 ምን ጎደለ ቢሉ ሦስት ነገር ነው።

መታወቂያ። የኒው ጀርሲ የተሽከርካሪ ኮሚሽን ቢሮዎች ከማርች አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ተዘግተው ሲከፈቱ ሰልፉ ለሳምንታት አልተፋታም። መታወቂያ የሌለው ተፈቺ ቤት መከራየት፣ ሥራ መቀጠር፣ መድኃኒት ማውጣት አይችልም። ቅጹ መሞላት ያለበት በግቢው ውስጥ፣ ከመውጫው 60 ቀን በፊት ነው፤ 16 ቀን አይበቃም።

የጤና መድን። በፌዴራል ሕግ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በእስር ላይ ላለ ሰው ሕክምና አይከፍልም፤ ስለዚህ ይታገዳል። ሲወጣ ወዲያው ካልተመለሰ የስኳር ወይም የሱስ ማገገሚያ መድኃኒት በያዘው ቀን ልክ ያልቃል። ከእስር የወጣ የኦፒዮይድ ሱሰኛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጠን በላይ ወስዶ የመሞት አደጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ገላው መጠኑን ረስቷል፣ እጁ ግን አልረሳም። በመውጫ ከረጢቱ ውስጥ ቢያንስ የ30 ቀን መድኃኒትና ናሎክሶን (ከመጠን በላይ የተወሰደ ኦፒዮይድን የሚያረክስ መድኃኒት) ሊኖር ይገባል።

ማረፊያ። ለአስቸኳይ መጠለያ የሚመጣው ሰው ዝርዝር ለረዳት ድርጅቶቹ ዘግይቶ ከደረሰ አልጋ አይገኝም። በኒው ጀርሲ የቀድሞው ገዥ ጂም ማክግሪቪ በወቅቱ ይመሩት የነበረው፣ ተፈቺዎችን የሚረዳው የሪኤንትሪ ኮርፖሬሽንና ሌሎች ብዙ ሸክም ተሸከሙ። የማረፊያ ዕቅድን እንደ ቨርጂኒያ የመውጫ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ግን ቤት የሌለውን ድኻ መልሶ መቅጣት ነው፤ ቤት የማግኘቱ ግዴታ የመምሪያው ይሁን።

ስለ ውጤቱ፦ የኒው ጀርሲ ማረሚያ ቤቶች ከ2020 መግቢያ እስከ 2021 ከ18 ሺህ ገደማ ወደ 13 ሺህ ገደማ ወርደዋል። ሁሉም የክሬዲቱ ውጤት አይደለም፤ ፍርድ ቤቶች ስለ ዘገዩ የገባውም አንሷል። ሠንጠረዡ ላይ መግቢያና መውጫን በሁለት ዓምድ ይለዩት።

ሕጉ ከአንድ ወረርሽኝ ጋር አልሞተም። በተላላፊ በሽታ ምክንያት የሕዝብ ጤና ድንገተኛ ሁኔታ ሲታወጅና በሽታው የማረሚያ ቤቶቹን አሠራር በመላ ሲለውጥ እንደገና ይነሣል፤ ሁለቱም ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። ጁን 2021 የመጀመሪያው ድንገተኛ ሁኔታ ሲያበቃ ክሬዲቱ ቆሞ ነበር። ኦሚክሮን ሲመጣ ጃንዋሪ 11 2022 ገዥው አዲስ አወጁ፣ ስሌቱም ያለ አዲስ ሕግ፣ ያለ አዲስ ኮሚቴ ወዲያው ሥራ ጀመረ።